ከሚዛን እስከ አማን፣ በጓሮ በኩል የቀየስኩት መንገድ

ወረቀቱን የፈረምን ቀን ከማንጎው ዛፍ ሥር የነበርነው እነዚህ ነን። እኔ ነበርኩ። ልጄ ብስክሌቷን ይዛ ቆማ ነበር። የልጄ የክርስትና እናት፣ አበልጄ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነበር። የመንደሩ ተጠሪ ነበር፤ ዝናቡ ካቆመ በኋላም ዣንጥላውን አልዘጋም። ከጅማ በኩል መጥተው እዚህ ሱቅ የከፈቱት ሐጂ ነበሩ። አንድ የቡና ማሳ የወረሱ ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ፤ ስለማይነጋገሩ አንዱ ከዛፉ በዚህ በኩል፣ ሌላው በዚያ በኩል ተቀምጠዋል። ከሁሉ በኋላ የመጡት አንዲት የቤንች አሮጊት ናቸው፤ ሁላችንም እማማ እንላቸዋለን። ከእነዚህ ሌላ ማንም አልነበረም። እንዲህ ቆጥሬ የምጽፈው በኋላ "እኔ የለሁበትም" ያለው ሰው ስለበዛ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በብስክሌቷ ነው። ልጄ አማን ውስጥ አንድ የግል ክሊኒክ ካርድ ክፍል ትሠራለች። ቤታችን ሚዛን ነው። ሚዛንና አማን አንድ ከተማ ተብለዋል፤ በእግሩ ለሚሄድ ሰው ግን አሁንም ሁለት ናቸው። ቤንዚን ሲጠፋ ባጃጆቹ ማደያ ላይ ተሰልፈው ይውላሉ፤ ልጄም በእግሯ ስትሄድ ታረፍዳለች። ሁለት ጊዜ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሰጧት። ሦስተኛው ከመጣ ሥራው እንደሚቀር ነግረዋታል። አባቷ ቴፒ አጠገብ ባለ የቡና እርሻ ጥበቃ ነው፤ በወር አንድ ጊዜ ብቅ ይላል። ይህን ሲሰማ ያገለገለ ብስክሌት ገዝቶ በሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስጭኖ ላከ። ልጄ ስታየው ሳቀች። እኔ ግን ያሰብኩት አስፋልቱን ነው።

አስፋልቱን አውቀዋለሁ። ቁልቁለቱ ሲያልቅ አንድ ኩርባ አለ፤ የጭነት መኪናዎቹ እዚያ ሲደርሱ የሌላውን መስመር ይይዛሉ። አንድ ጊዜ እዚያ የተገጨ ብስክሌት አይቻለሁ። ሰውየውን ወስደውት ነበር። ብስክሌቱ መንገድ ዳር ካለ ግድግዳ ላይ ተደግፎ ሁለት ሳምንት ሙሉ ባለቤት ሳይመጣለት ቆየ። ባለፍኩ ቁጥር አየው ነበር፤ ከዚያ አንድ ቀን የለም።

"በአስፋልት አትሄጂም" አልኳት ልጄን።

"ታዲያ በሰማይ ልሂድ፣ እማዬ?"

"በጓሮ ትሄጃለሽ።"

"በማን ጓሮ?"

"በሁሉም።"

የቀለድኩ መስሏት ነበር። እኔ ግን በማግስቱ ጠዋት ዱላዬን ይዤ ወጣሁ።

መጋቢትን ሙሉ በዚያ ጓሮ ለጓሮ ተመላለስኩ። ሲዘንብ ሄድኩ፣ ፀሐይ ሲሆን ሄድኩ፣ ልጄ በምትወጣበት ሰዓትና በምትመለስበት ሰዓት ሄድኩ። ሰዉ ከሰው ቤት ወደ ሰው ቤት የሚሄድባቸው ቀጫጭን መንገዶች አሉ፤ አንዱን ከሌላው መቀጠል ነበር ሥራዬ። ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት፤ ካርታ መሣል አላውቅም። ስለዚህ በልጄ አሮጌ ደብተር ላይ በቃል ጻፍኩት። "ከሐጂ ጓሮ በታች ያዳልጣል፣ ይወረድ። የወንድማማቾቹ ማሳ፣ ውሻ አለ፣ ታስሯል፣ በገበያ ቀን ግን ይፈታል። የጎደሬው ማሳ ድንጋይ የለውም፣ ደህና ነው። ወንዙ ላይ ያለው ግንድ አንድ ነው፣ ሌላ ይጨመር።" ግንዱን ራሴ ከጎረቤት ለምኜ አስጨመርኩ። ድንጋይ ባየሁበት ሁሉ ጎንበስ ብዬ ለቀምኩ።

ሁሉም ነገር ግን በአንድ ቦታ ላይ ይቆም ነበር። የእማማ የቡና ማሳ ከወንዙ እስከ አማን መግቢያ ድረስ ይሄዳል። በእሳቸው ማሳ ዳር ካልታለፈ ተመልሶ አስፋልት መውጣት ነው፤ የሚወጣውም እዚያው ኩርባ ላይ ነው። እማማ እሺ ካሉ ልጄ ትተርፋለች፤ እንቢ ካሉ የለቀምኩት ድንጋይ ሁሉ ከንቱ ነው።

አራት ጊዜ ሄድኩባቸው። በመጀመሪያው ቀን በራቸው ላይ ቆመው፣ "ምን ፈለግህ?" አሉኝ። አማርኛን የተማሩት ከጎለመሱ በኋላ ስለሆነ ወንዱንም ሴቱንም "አንተ" ነው የሚሉት። በዚህ ቅር የሚለው ሰው የለም።

"መንገድ፣ እማማ። ልጄ የምታልፍበት።"

"መኪና?"

"አይደለም፣ ብስክሌት።"

"ሞተር?"

"ሞተርም አይደለም። በእግር የሚነዳው፣ ብስክሌት።"

"ብስክሌት አውቃለሁ" አሉ ተቆጥተው። "የማላውቀው አንተን ነው።" በሩን ዘጉት።

በአራተኛው ቀን ግን ራሳቸው ጠሩኝ። "በየቀኑ በአጥሬ ዳር ስትሄድ አያለሁ" አሉኝ። "ሌባ ነው ብዬ ነበር። ሌባ ግን ድንጋይ አይለቅምም።" ከዚያ ከቡናው እግር ጀምረው እስከ አጥሩ ድረስ በገዛ ክንዳቸው ለኩ። ሁለት ክንድ ሆነ። "ይህ ለብስክሌት ይበቃል። ከዚህ በላይ የለም።"

"ከዚህ በላይ አልጠይቅም" አልኳቸው። ቃሌ ነበር።

አሁን ስለ አበልጄ መናገር አለብኝ። እሷ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳለች፤ ቢሮ ውስጥ ጸሐፊ ነበረች። ልጄን ክርስትና ያነሳቻት እሷ ናት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔን ከወረቀት ጋር የሚያገናኘኝ ነገር ሁሉ በእሷ እጅ ያልፍ ነበር፤ መታወቂያዬ፣ የልጄ የትምህርት ቤት ምዝገባ፣ የባለቤቴ የሥራ ውል። ስታነብልኝ ቡናዋን እንኳ ሳትጠጣ ታነብልኛለች። ከጥቂት ዓመት ወዲህ ከባሏ ጋር ጀንፈል፣ ያልተፈለፈለ ደረቅ ቡና፣ እየገዙ ይሸጣሉ። መጋዘናቸው ከእማማ ማሳ ወዲያ ነው። ፊት ለፊቱ ያለው ቅያስ ጠባብ ስለሆነ የጭነት መኪና አይገባውም፤ ጆንያውን ተሸካሚዎች እስከ አስፋልት ያወጡታል። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። አንዱን ነገር ከሌላው ጋር ማገናኘት ግን አላሰብኩም።

መንገዱን ስነግራት እጄን ያዘችኝ። "በቃል ብቻ አይሆንም" አለችኝ። "ነገ አንዱ ይነሳና ይዘጋዋል። ማመልከቻ ልጻፍልሽ፣ ሁሉም ይፈርም፣ የከተማው ቢሮ ይወቀው።" እኔ የምጠነቀቅ ሰው ነኝ። በዚህ የተነሳ ብዙ ሰው ይስቅብኛል። እሷ ግን ከእኔ ይበልጥ ስትጠነቀቅልኝ ሳይ ደስ አለኝ። በዚያ በኩል ነው የገባችብኝ።

እናም በሚያዝያ አንድ እሑድ ከማንጎው ሥር ተሰበሰብን። አበልጄ መነጽሯን አድርጋ አነበበች። "እኛ ስማችንና ፊርማችን ከዚህ በታች የሰፈረው ነዋሪዎች፣ ከሚዛን ወደ አማን በጓሮ በኩል የሚያልፈው መተላለፊያ ለተሽከርካሪ አገልግሎት እንዲውል በሙሉ ፈቃደኝነት የተስማማን መሆናችንን…"

"ቆይ" አልኳት። "ተሽከርካሪ ነው ያልሽው?"

"አዎ።"

"ለምን ብስክሌት አትዪም?"

ከመነጽሯ በላይ አየችኝ። "አበልጄ፣ ብስክሌት አይሽከረከርም እንዴ? የማይሽከረከር ብስክሌት ካለሽ አምጪና አሳዪኝ።"

ወንድማማቾቹ ሳቁ። ሁለቱ በአንድ ነገር ሲስማሙ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ተጠሪው፣ "የቢሮ አማርኛ ነው፣ ብስክሌት ተብሎ ለቢሮ አይጻፍም" አለ። ያልሳቁት ሐጂ ብቻ ናቸው።

"ብስክሌት ቢባል ምን ይጎዳል?" አሉ ቀስ ብለው።

"ሐጂ፣ እርስዎ ስኳርዎን ይመዝኑ፤ ወረቀቱን ለእኔ ይተዉት" አለቻቸው። እሳቸውም ፈገግ አሉ።

እኔም አብሬ ሳቅኩ። ያልተማረ ሰው እንዲህ ባለ ጊዜ ቀድሞ ይስቃል፤ ሌላው ሲስቅበት ከማየት ይሻላል። በልቤ ቃሉን አገላበጥኩት። ተሽከርካሪ። የሚሽከረከር። የልጄ ብስክሌት ሁለት የሚሽከረከር ነገር አለው። ልክ ናት አልኩ። በእኔ ጆሮ ውስጥ ያ ቃል ሁለት ጎማ ብቻ ነበረው።

እማማ ወደ እኔ ዘንበል አሉ። "ምን ይላል?"

"ብስክሌት ይላል፣ እማማ።"

"ብስክሌት ብቻ?"

"ብስክሌት ብቻ።"

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፤ አበልጄ አይደለችም።

"ወረቀት አላውቅም" አሉ። "አንተን ግን አሁን አውቃለሁ።" አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ላይ አድርገው አተሙ። አበልጄ ቀና አላለችም። ቀለሙ እንዲደርቅ ወረቀቱን እፍ እፍ ትለው ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ መልካም ነበር፤ ይህን አልክድም። በመጀመሪያው ሳምንት ከብስክሌቷ ኋላ ሶምሶማ እያልኩ እስከ ክሊኒኩ በር ድረስ ሄድኩ። "እማዬ፣ ሰዉ እየሳቀብኝ ነው" ስትለኝ፣ "ይሳቅ፣ ሳቅ አይገጭም" አልኳት። በሁለተኛው ሳምንት እስከ ወንዙ ብቻ ሄድኩ። በሦስተኛው ከሐጂ ሱቅ ሆኜ ማየት ጀመርኩ። ልጄ ማርፈድ ተወች። እማማ ጠዋት ጠዋት አጥራቸው ዳር ቆመው ይጠብቋታል፤ አንድ ቀን የኋላ መቀመጫው ላይ ካልተቀመጥኩ ብለው፣ ልጄ ይዛ ጥቂት እርምጃ ገፋቻቸው። ሲስቁ ጥርሳቸውን በእጃቸው ሸፈኑ አለችኝ።

በመስከረም፣ ቡናው መቅላት ሲጀምር፣ አንድ ጠዋት ልጄ ወጥታ ወዲያው ተመለሰች። ብስክሌቷን እየገፋች ነበር። "እማዬ፣ ግሬደር አለ" አለችኝ።

ስደርስ የወንድማማቾቹ አጥር ወድቋል። ወንዙ ላይ ያስጨመርኩት ግንድ ወደ ጎን ተጥሎ በቦታው ትልልቅ ቱቦ ተቀብሯል። ከእማማ ማሳ በአጥሩ በኩል የነበረው አንድ ሙሉ ረድፍ ቡና ተነቅሎ ተጋድሟል። ወረቀት የያዘ አንድ ሰው ቆሞ ያሠራል።

"ምንድን ነው ይህ?" አልኩት።

"የተሽከርካሪ መንገድ ነው፣ እናቴ።"

"የብስክሌት ነው እኮ።"

"ብስክሌትም ያልፋል" አለኝ በትሕትና። ሰውየው ክፉ አልነበረም። "ነዋሪው ራሱ ጠይቆ ነው። ይኸው ፊርማው።" ወረቀቱን ዘርግቶ አሳየኝ። ከሁሉ በላይ ያለው ፊርማ የእኔ ነበር፤ ከሥሩ የእማማ ጣት።

እማማ ከተጋደመው ቡና ላይ የቀላውን ፍሬ እየለዩ በቅርጫት ይለቅሙ ነበር። አጠገባቸው ሄጄ ቆምኩ። ቀና ብለው ግሬደሩን አዩት፣ ከዚያ እኔን አዩኝ።

"ብስክሌትህ አደገ" አሉኝ።

ወደ ለቀማቸው ተመለሱ። ልለቅምላቸው ጎንበስ ስል ቅርጫቱን ወደ ሌላ ጎናቸው አዞሩት።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ የአበልጄ መጋዘን የኋላ አጥር ፈረሰ፣ በቦታው የብረት በር ተተከለ። ሰፊ በር ነው፣ መኪና ጭነቱን እንደያዘ የሚገባበት። ቆሜ አየሁት። ቀለሙን በጣቴ ነካሁት። ደርቋል። በአንድ ቀን የሚሠራ በር አልነበረም፤ ከማንጎው በፊት ይታዘዝ ወይም ከማንጎው በኋላ፣ ብቻ ግሬደሩ ከመምጣቱ ብዙ ቀን በፊት ተሠርቶ፣ ተቀብቶ፣ ተቀምጦ ይጠብቅ ነበር።

እንዲያም ሆኖ ወዲያው አልሄድኩባትም። ፈራሁ። ደግሞም በልቤ ሰበብ እፈልግላት ነበር። ምናልባት ቢሮው ነው የቀየረው፣ ምናልባት ባሏ ነው፣ ምናልባት እሷም እንደ እኔ አልገባትም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰች ሴት ያልገባት ቃል አድርጌ ለመቁጠር ብዙ ደከምኩ።

ልጄ በሰፊው መንገድ መንዳቷን ቀጥላ ነበር፤ ጥቅምት ላይ አንድ ቀን የእጇን አንጓ በፋሻ ጠቅልላ መጣች። አዳልጦኝ ነው አለች። አመንኳት። እውነቱን የነገሩኝ ሐጂ ናቸው፤ ጨው ልገዛ ሄጄ። "ልጅቱ ተሻላት?" አሉኝ። "ያ የጭነት መኪና ኋላውን ሳያይ ከመጋዘኑ ሲወጣ እኮ ብስክሌቷን ትታ ጎደሬው ውስጥ ዘለለች። አላህ ነው ያወጣት።" ጨውን ሳልይዝ ወጣሁ።

አበልጄ በረንዳዋ ላይ ተቀምጣ ነበር። እንደ ወትሮው ልትስመኝ ተነሳች። ሳልስማት ተቀመጥኩ።

"ስትጽፊው ታውቂ ነበር?" አልኳት።

"ምኑን?"

"ቃሉን።"

መነጽሯን አውልቃ በነጠላዋ ጠረገችው። "አንቺስ መንገድ አልነበረም የፈለግሽው?" አለች። "መንገድ አገኘሽ። ሰፊ መንገድ።"

"የክርስትና ልጅሽ ልትገጭበት ነበር።"

"ልጄ" አለችና ቆመች። የእጇን ነገር የሰማች አይመስለኝም። ፊቷ ተለወጠ፤ ግን ወዲያው ተመለሰ። "አስፋልቱም ላይ ቢሆን ያው ነው። ብስክሌት ብዬ ብጽፍ ማን ከወንበሩ ይነሳልሻል? ለአንዲት ልጅ ብስክሌት ግሬደር የሚልክ ቢሮ አለ?"

"ግሬደር ማን ጠየቀሽ? ሁለት ክንድ ነበር የጠየቅነው።"

"ሁለት ክንድ መንገድ አይባልም፣ አበልጄ።"

"ለእኔ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ብነግርሽ እንቢ ትዪ ነበር። ትፈሪያለሽ፤ አንቺ የማትፈሪው ነገር የለም። ስላንቺ እኔ ወሰንኩ።"

ሐሰት ብትነግረኝ ይሻለኝ ነበር። ፍርሃቴን ለሃያ ዓመት ስታባብል የቆየች ሴት፣ ፍርሃቴን በር አድርጋ ገባችበት። ከሰው ፊት ያሳቀችብኝም እንዳልጠይቅ ብላ ነው፤ ደግሜ ብጠይቅ እማማ ይነቁ ነበር።

"ለእማማ ብስክሌት ብቻ ነው ያልኩት እኔ ነኝ" አልኳት። "የዋሸሁት እኔ ነኝ ማለት ነው።"

"አንቺ አልዋሸሽም፤ አላወቅሽም።"

"እሳቸው ይህን በምን ያውቃሉ?"

ሻይ ላምጣልሽ አለች። ተነሥቼ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ቤቷ አልሄድኩም፤ እሷም ለዝክሬ አልመጣችም። ልጄ ግን መንገድ ላይ ስታገኛት አሁንም ጎንበስ ብላ ትስማታለች። "የክርስትና እናት አትፋቅም፣ እማዬ" ትለኛለች። አልከለክላትም። እኔ ራሴ ወረቀት ሲመጣ እጄ ወደ እሷ ቤት ሊሄድ ይነሳና ይመለሳል። አሁን ሐጂ ዘንድ አስነብባለሁ፤ አንድ ቃል ካልገባኝ ሦስት ጊዜ እጠይቃለሁ፣ ሰው ቢስቅም።

ብስክሌቷ ቤት ውስጥ ናት። በሰፊው መንገድ የጭነት መኪናው ቀኑን ሙሉ ይመላለሳል፤ ዳር የሚባል ነገር የለውም። ልጄ በእግሯ በአስፋልቱ ትሄዳለች፤ እንዳታረፍድ ከቤት ገና ሳይነጋ ትወጣለች፤ እኔም እስከ ኩርባው ድረስ እሸኛታለሁ። ዘንድሮ ሦስተኛው ደብዳቤ አልመጣም። ይምጣ አይምጣ አላውቅም።

ኅዳር ላይ ይቅርታ ልጠይቅ እማማ ዘንድ ሄድኩ። የምለውን ለሳምንት ስዘጋጅ ነበር። ቃሉን በቀላል አማርኛ እንዴት እንደማስረዳቸው፣ አለማወቄን ሳላበዛ እንዴት እንደምናገር። ቤቱ ተቆልፎ አገኘሁት። ቡና የሚያሰጡበት ምንጣፍ ተጠቅልሎ ከጣሪያው ሥር ገብቷል። ከመንገዱ የሚነሳው አቧራ ቅጠሉን ሁሉ አልብሶታል።

ከወንድማማቾቹ ታላቁን ጠየቅኩት። "ማጂ መንገድ ላይ ያለች ልጃቸው መጥታ ወሰደቻቸው" አለኝ። ታናሹን ጠየቅኩት። "ማን አለሽ? ቴፒ በኩል ዘመድ ጋ ነው የሄዱት" አለኝ። ተጠሪው አላውቅም አለ። ሐጂ የሄዱበትን ቀን አይተዋቸዋል፤ አንድ ሰው ዕቃቸውን ተሸክሞላቸው ሚኒባስ ሲሳፈሩ፤ ወደየት እንደሆነ ግን አልሰሙም። ታመው ይሆን፣ ተቀይመው ይሆን፣ ወይስ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ይሆን፣ የነገረኝ የለም። ማሳውን የሚለቅም ሰው አላየሁም።

ይህን የምታነቡ፣ ወደ ማጂም ሆነ ወደ ቴፒ የምትመላለሱ ሰዎች፣ እማማን የምታውቁ ካላችሁ፣ ወይም ከሚዛን የመጡ አንዲት ረጅም የቤንች አሮጊት በአካባቢያችሁ ካሉ፣ በሕይወት መኖራቸውንና ማን ቤት እንዳሉ ንገሩኝ። ራሴ እመጣለሁ።